ለመምህራን፦ ከተማሪዎች ጋር የገጸ ባህሪ ጨዋታ ስለ መምራት ጠይቁኝ

አስተማሪ ነኝ። ከክፍል በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር የገጸ ባህሪ ጨዋታ መምራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ለማታውቁት፦ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፣ ያጠራጠረውን ዳይስ (ጎኖቹ ላይ ቁጥር ያለበት የሚጣል ኩብ) ይወስነዋል። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ነው ይህ አጨዋወት የተስፋፋው። የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ፈተና አርማለሁ፣ ዕቅድ አወጣለሁ። መዘጋጃ ጊዜ ከየት ላምጣ?

ታሪክ አታዘጋጂ፣ ችግር ብቻ አዘጋጂ። እኔ ግማሽ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ነው የምጽፈው፦ ማን ምን ይፈልጋል፣ ማን ይከለክለዋል፣ ልጆቹ ዝም ብለው ቢቀመጡ ምን ይከተላል። ለምሳሌ የድልድይ ጠባቂ ማንንም አላሳልፍም ብሏል፣ እስኪመሽ ካልተሻገሩ ደግሞ መድኃኒቱ ለታመመችው ልጅ አይደርስም። እንዴት ይሻገሩ? እሱን እኔ አላስብም፣ የነሱ ሥራ ነው። አንድ ቀን ሁሉም እንዋጋው አንዋጋው እያሉ ሲጨቃጨቁ አንዲት ተማሪ ቀስ ብላ «ጠባቂው ስሙ ማነው? ከበላስ ስንት ቀኑ ነው?» አለችኝ። ስም አልነበረውም፣ እዚያው አወጣሁለት። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ እስኪያልቅ ከሰውየው ጋር ወሬ ሆነ፣ ለካ እሱም ማዶ ቤተሰብ አለው። ሌሊቱን ሙሉ ብጽፍ ይህን አላመጣውም ነበር።

የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ውፍረት አስፈራኝ።

ተወው። ሁለት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ይጣልና ይደመር። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ተሳካ። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳካ፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ነገር ተበላሸ። ብዙ ጨዋታዎች በዚህ ይሠራሉ። ሊወጡ ከሚችሉት 36 ውጤቶች 15ቱ መሃሉ ላይ ነው የሚወድቁት፣ ታሪኩም የሚጣፍጠው እዚያ ጋ ነው፦ በሩ ተከፈተ፣ ግን ቁልፉ ውስጡ ተሰበረ፣ አሁን ከኋላ የሚመጣውን ማን ይዝጋበት?

ዳይስ የለንም።

ከ1 እስከ 6 ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኩባያ ውስጥ ጨምሩ። አንዱን አውጡ፣ መልሱ፣ ደግማችሁ አውጡ።

30 ተማሪ አለኝ፣ ይቻላል?

በአንድ ጠረጴዛ አይቻልም። ለአንድ መሪ አራት አምስት ልጅ ይበቃል። ግድ ከሆነ ግን አንድን ገጸ ባህሪ ለአምስት ስድስት ልጆች ስጪ፣ በአንድ ደቂቃ ተስማምተው አንዱ ይናገር። ውሎ አድሮ ከመካከላቸው መምራት የሚወድ ይወጣል፣ ያኔ ሸክምሽ ይቀልልሻል።

አንዱ ሁሌ ያወራል፣ ሌላው ትንፍሽ አይልም።

በተራ ዙሩ። ዝምተኛውን «ምን ታደርጋለህ?» አትበሉት፣ ይጨንቀዋል። በገጸ ባህሪው ስም ጠርታችሁ ሁለት ምርጫ ስጡት፦ ትደበቃለህ ወይስ ትጮሃለህ? አንድ ቃል ቢመልስም ያቺን ቃል ታሪኩ ውስጥ አስገቧት።

ልጅ የሚረብሽ ነገር ቢነሳስ?

ሳትጀምሩ በፊት ምን እንዳይነሳ እንደሚፈልጉ በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ፣ ጠይቁ። ጠረጴዛው መሃል ደግሞ አንድ ካርድ ይቀመጥ። የነካው ልጅ ምክንያት አይጠየቅም፣ ያ ትዕይንት ወዲያው ይታለፋል። በዚህ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም።

ማርክ ልስጥበት?

እባክህ አትስጥ። ማርክ እንዳለው ካወቁ አንተን ደስ የሚያሰኘውን መልስ ነው የሚፈልጉት፣ የጠባቂውን ስም የሚጠይቅ ልጅ አታገኝም።