«ጠዋት ጠዋት አስነሳልኝ» ብለው አይሂዱ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዋ ከመንዝ በኩል ገብስና ምስር እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። መኪናቸው ሂሉክስ ደብል ጋቢና፣ ሰው ሁሉ ዲ ፎር ዲ የሚለው ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ያገለገለ ገዝተው አራት ዓመት ሠርተውበታል፤ ቆጣሪው 138 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። አምና ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካ ሄደው አራት ወር ተኩል ቆዩ። መኪናውን ታንኩ ሩብ ያህል ናፍጣ እንደያዘ አሳጥበው ግቢ አቆሙትና ቁልፉን ለእኅታቸው ልጅ ሰጡት። ልጁም በየማለዳው እያስነሳ አሥር አሥር ደቂቃ ያሞቀው ነበር። ሲመለሱ ባትሪው ሞቷል፤ የኋላ ጎማዎቹ አንሄድም ብለዋል፤ በሌላ ባትሪ ሲነሣም ነጭ ጭስ እየተፋ ይንገጫገጭ ጀመር። «ልጁ አደራውን ጠብቋል፤ ታዲያ መኪናውን ምን ነካው? ዘንድሮም ከሰኔ እስከ ኅዳር አልኖርም። ደግሞስ በዓመት 3,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሄደ መኪና ሰርቪስ ያስፈልገዋል ወይ?» ይላሉ።

እኅቴ፣ ልጁን እንዳይቆጡት። የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ጥፋቱ የትእዛዙ ነው። ይህን ትእዛዝ የማይሰጥ ባለ መኪና አላጋጠመኝም፤ እኔም ወጣት መካኒክ ሳለሁ ለደንበኞቼ የምለው ይህንኑ ነበር። መኪና ግን እንደ በቅሎ ጠዋት ጠዋት ከበረት ብቅ ስላለ አይፍታታም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የክረምቱን ማለዳ እርስዎ ያውቁታል። በዚያ ብርድ በሚኒሞ፣ ማለትም ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ አሥር ደቂቃ የሠራ የናፍጣ ሞተር ለብ ይላል እንጂ አይግልም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ደግሞ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ በደንብ ከጋለ እንፋሎቱ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ወጥቶ ይጠፋል። ካልጋለ ግን እዚያው ማርሚታ ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ከፊሉም በፒስተኖቹ ዙሪያ እያመለጠ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። አራት ወር ተኩል ማለት 135 ማለዳ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠው አይተውት ቢሆን ኖሮ፣ ከሥሩ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ዝልግልግ ነገር ተለጥፎ ባገኙ ነበር። ማርሚታ ደግሞ የሚዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ቀዳዳው ለዓይን ሲታይ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።

ባትሪውንም የገደለው ይኸው ማሞቅ ነው። በብርድ ማለዳ ሞተሩን ለማስነሣት ቀድመው የሚሞቁት ካንዴላዎች እስኪግሉ የሚበሉት ኤሌክትሪክ አለ፤ ሞተሪኖው የናፍጣ ሞተር ለማዞር የሚመዘው ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ በሚኒሞ አሥር ደቂቃ ዞሮ ይህን ሁሉ አይመልስም። ልጁ በየቀኑ ጥቂት እያወጣ ከዚያ ያነሰ ሲያስቀምጥ ነበር ማለት ነው። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ካለ ግማሹ ሄዷል። ግማሽ ሆኖ ወራት የከረመ ባትሪ ሳህኖቹ በጠጣር ሰልፌት ይሸፈናሉ፤ ኋላ ቻርጅ ቢደረግም የድሮውን ጉልበቱን አያገኝም።

የኋላ ጎማዎቹ ነገር ቀላል ነው። መኪናው ታጥቦ ሳይደርቅ ቆሟል፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቧል፣ ክረምቱ ገብቷል። የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣበቀ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው በሌላ መኪና ጎትቶ ሊያላቅቀው ይሞክራል፤ ሸራው ከብረቱ ተገንጥሎ ይቀራል። የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ ታምቡሩን ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ወደ ነጩ ጭስ ልምጣ። ሩብ ናፍጣ ያለበት ታንክ ሦስት እጁ አየር ነው። ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲበርድ ያ አየር በታንኩ ግድግዳ ላይ ያልበዋል፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ላቡ ወርዶ ከሥር ይጠራቀማል፤ መጠጫ ቧንቧውም የሚስበው ከሥር ነው። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ገብቶበት ከሆነ ደግሞ ውሃው ያኔውኑ አብሮ ገብቶ ይሆናል። በዚህ ሞተር ናፍጣው ወደ ኢኒየተሮቹ (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት) የሚሄደው ከአንድ ሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። እንዲህ ላለ ፖምፓና ኢኒየተር ከናፍጣው በቀር ሌላ ማለስለሻ የለውም፤ ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ናፍጣውም በወጉ ሳይቃጠል ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ መኪና ዕቃዎች ውስጥ ኪስ የሚያራቁተው አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ የናፍጣ ፊልትሮውን ከሥሩ ማጠንፈፍ ልጁም እርስዎም ልትችሉት የሚገባ ሥራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከሌሊት ጀምሮ ሲቆም ጠዋት ላይ ይደረጋል። ኮፈኑን ከፍተው ከፊልትሮው ሥር ላለችው የማጠንፈፊያ ቡሎን ብርጭቆ ደቅነው በእጅ ላላ ያድርጓት፤ ከላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ጥቂት ጊዜ ይጫኑ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያንሡት። ውሃ ካለ ከናፍጣው ሥር ለብቻው ኩልል ብሎ ይተኛል፤ ብርጭቆውን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ጨሌ ይንከባለላል። ንጹሕ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ ይቀጥሉ፤ ቡሎኗን በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ ከዚያ የእጅ ፖምፓው ጠንክሮ አልጫን እስኪል ይጫኑ። በሚያሽከረክሩበት ጊዜ የፊልትሮው ቢጫ መብራት ከበራ ይህንኑ ለማድረግ ጋራዥ እስኪደርሱ አይጠብቁ። ወደ ኢኒየተሮቹ የሚሄዱትን የብረት ቧንቧዎች ግን ሞተሩ እየሠራ ማንም እንዳይነካቸው፤ በዚያ ግፊት የወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል።

ለዘንድሮው ምክሬ አጭር ነው፤ ወይ ይነዳ፣ ወይ ፈጽሞ አይነሣ። መሐሉ ነው አምና የከሰሩበት።

የእኅትዎ ልጅ መንጃ ፈቃድ ካለው በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ወደ ጫጫ በኩል ሠላሳ ደቂቃ ነድቶት ይመለስ። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ደርሶ እዚያው ይቆይ፣ ፍሬኑ በደንብ ይያዝ። መኪናው የፊት ዲፈረንሻል የሚያስገባ ከሆነ፣ አምራቹ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራቱም ጎማ እንዲነዳ ያዛል፤ የፊተኛው ክፍል ዘይት የሚያገኘው ሲዞር ነውና። ይህ የሚደረገው በጠጠር ወይም በጭቃ መንገድ ላይ ነው። በደረቅ አስፋልት አስገብቶ መጠምዘዝ ካምቢዮውን ያስጨንቀዋል።

ልጁ መንጃ ፈቃድ ከሌለው ሞተሩን ጨርሶ እንዳያስነሣ ይንገሩት። ታንኩን እስከ አፉ ይሙሉ። መኪናውን አሳጥበው ቢያንስ ሃያ ኪሎ ሜትር ነድተው ያድርቁት። የእጅ ፍሬን ሳይስቡ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ታኮ ያድርጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ፤ በወር አንድ ቀን ልጁ ባትሪውን ወስዶ ቻርጅ ያስደርገው። የጎማውን ነፋስ በሹፌሩ በር ጎን ከተጻፈው አምስት ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ልጁም በወር በወር ታኮውን አንሥቶ፣ ማርሹን አውጥቶ መኪናውን ግማሽ የጎማ ዙር ገፋ ያድርገውና ሁለቱንም ይመልስ። ጎማ በአንድ ጎኑ ለወራት ሲተኛ ይለመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ የእህል ነጋዴ ስለሆኑ እነግርዎታለሁ። ጋቢናው ውስጥም ካሶኒው ላይም አንዲት የገብስ ፍሬ አትቅር። አይጥ ለገብሱ ትገባለች፣ ለገመዱ ትቆያለች። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ስደክምበት የሰነበትኩት የማይነሣ ፒክአፕ በሽታው ከሞተሩ ክዳን በታች ተኝቶ አገኘሁት፤ ከመቀመጫ ስፖንጅ የተሠራ ጎጆና አምስት ጫጩት አይጦች። ማርሚታውንና የአየር ፊልትሮውን መግቢያ በጨርቅ መወተፍ ይጠቅማል። ግን እንደወተፉ መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩ፤ ረስተው እንዳያስነሡት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ዘይት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በወርም ያረጃል። በእኛ አቧራና ዳገት 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር፣ ቀድሞ የደረሰው ነው የሚቆጠረው። እርስዎ በኪሎ ሜትር አልደረሱም፤ በወር ግን አልፈዋል። እና ሰው ሁሉ የሚሳሳትባት ነገር አለች፤ ዘይቱን «ስመለስ እቀይራለሁ» ይላል። የሠራ ዘይት ጥላሸት፣ ውሃና አሲድ ይዟል፤ ይህን ተሸክሞ ወራት ከኩሽኔታዎቹ (የሚዞሩት ብረቶች ከሚያርፉባቸው) ጋር እንዲተኛ አይተዉት። ከነፊልትሮው ከመሄድዎ በፊት ያስቀይሩትና ጥቂት ነድተው አዲሱ ዘይት ሁሉም ጋር ይዳረስ።

ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ያውጡት። በከፍታችሁ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በኅዳር ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለባችሁ። የራዲያተር ፈሳሹ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ ለሁለቱም ይበጃል፣ ዝገትም ይከላከላል። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ከተሰነጠቀ ክዳኑን ይለውጡ፤ ግፊቱን ጠብቆ መፍላቱን የሚያዘገየው እሱ ነው።

ላቫጆ ሲያስገቡት ከሥሩ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት እንዳይረጩበት ይከልክሉ። ለዓይን ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን ናፍጣ ጎሚኒዎቹን (ላስቲኮቹን) አሳብጦ ያላላቸዋል፣ የተረጨው ዘይትም የመንዝን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። በዚያ ፈንታ በባሌስትራው (በኋላው ሞላ) ቅጠሎች መሐል የተጠቀጠቀውን ጭቃ አስወጥተው ክሮቸራዎቹን (የሚሽከረከረውን ዘንግ መጋጠሚያዎች) ግራሶ ያስሞሉ። ሲሞላ አጠገቡ ይቁሙ። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁርና ደረቅ ነው፤ ከኋላው ንጹሑ ግራሶ እንደ ቅቤ ብቅ ሲል ያን ጊዜ በቃ ይባላል። ብዙ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርጎ ይሄዳል።

አሁን እርስዎ ያልጠየቁኝ፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ነገር። የዚህ ሞተር ታይሚንግ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው) የሚዞረው በላስቲክ ቺንጊያ (ቀበቶ) ነው፤ ከ2015 ወዲህ የመጡት አዲሶቹ ባለ 2.4 እና 2.8 ሊትር ሞተሮች ግን ባለ ሰንሰለት ናቸው። ቺንጊያው በ150 ሺህ ኪሎ ሜትር ይለወጣል ይላል መጽሐፉ፤ ቆጣሪዎ 138 ሺህ ስለሚል ጊዜ ያለዎት ይመስላል። ነገር ግን መኪናውን ያገለገለ ነው የገዙት። ቆጣሪ ወደ ኋላ እንደሚመለስ እርስዎም ያውቃሉ፤ ላስቲክም ቆሞ ያረጃል። ቺንጊያው መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ወረቀት በእጅዎ ከሌለ፣ እንዳልተለወጠ ቆጥረው ከነመወጠሪያው ያስቀይሩት። ሲበጠስ አያስጠነቅቅም፤ ፒስተኑ ከቫልቩ ይጋጫል፣ ከዚያ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማስፈታት ነው። የቺንጊያው ዋጋ ከዚያ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው።

ጎማዎቹንም ጎናቸው ላይ ያንብቡ። መጨረሻ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠሩበት ጊዜ ናቸው፤ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ካለፈው ጥርሱ ገና ቢሆንም ያውጡት።

በኅዳር ሲመለሱ ከሁሉ በፊት ቀዩን ጨርቅ አይተው የተወተፈውን ያውጡ። ከዚያ ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር መኖሩን፣ ዘይትና የራዲያተር ፈሳሽ መጉደሉን ይዩ፤ የናፍጣ ፊልትሮውን ያጠንፍፉ፤ ባትሪውን ያስሩ። ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው አይርገጡት። ፍሬኑን እዚያው ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩት።

የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ ያስቀይሩት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ይህ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ አይታወቅዎትም። ምስር ጭነው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ነው የሚታወቀው፤ ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ባዶ ሆኖ ይሰምጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት በጫጫ በኩል በሜዳው ይሥሩበት፤ ፍሬኑን መካኒክ ከፍቶ ሳያይልዎ ከጣርማ በር አይውረዱ።