ሙሉ ነው እያለ ፍሪጅ ሲነሳ የሚጠፋ ኢንቨርተር

ጥያቄው ከቢሾፍቱ ነው፤ ስለ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው መሣሪያ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ባለ 24 ቮልት፣ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር፣ አራት የፀሐይ ፓኔልና ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ አለኝ። ከተገጠመ አራት ዓመቱ ነው። ከሰባት ወር በፊት አንዱ ባትሪ ስለተነፋ እሱን ብቻ በአዲስ አስቀየርኩ። ድሮ የሚሞላው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር፤ አሁን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሙሉ ነው ይላል። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ይጮሃል፣ ይጠፋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሳየው 25 ቮልት ያሳያል። የአንዱ ባትሪ ኬብል ጫፍም ይሞቃል። ሁለት ፓኔል ጨምር ብለውኛል፤ ልጨምር?»

አይጨምሩ። ከፓኔሉ በኩል የነገሩኝ አንድም የሕመም ምልክት የለም። ባትሪው ከለመደበት ሰዓት አራት ሰዓት ቀድሞ «ሞላሁ» ካለ ፀሐይዋ አልበረታችም፤ ዕቃው ነው የጠበበው። ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የሚያልቅ ጀሪካን ውስጡ ጠጠር አለበት። ሁለት ፓኔል ቢደረብ በ5 ሰዓት ፈንታ በ4 ሰዓት «ሞላሁ» ይላል እንጂ ለማታው አንድ ደቂቃ አይጨምርም።

ጥርጣሬዬ ያረፈው ባልተቀየረው አሮጌ ባትሪ ላይ ነው። ያ የሚሞቀው የኬብል ጫፍ ደግሞ ተደራቢ ጥፋት ነው፤ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባትሪው በ5 ሰዓት አይሞላም ነበር።

ከመንካትዎ በፊት አንድ ነገር። ባትሪ ማጥፊያ የለውም። 12 ቮልት ስለማይነዝር ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን የብሎን መፍቻ የብረት ቁልፍ በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ) ላይ ቢጋደም ከሺህ አምፒር በላይ ያልፍበታል፤ ቁልፉ ግሎ እንደ ፍም ይቀላል፣ ምሰሶው ይቀልጣል፣ ባትሪው ሊፈነዳም ይችላል። የጣት ቀለበት ከሆነ ደግሞ ጣት ላይ እንዳለ ይግላል። ስለዚህ ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሀብል ይውለቅ። 13 ቁልፉን ከአፉ በቀር እጀታውን በሙሉ በናስትሮ ይጠቅልሉት። መነጽር ያድርጉ።

አነቃቀሉም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ የቤቱን ጭነት ያጥፉ፣ ቀጥሎ የፓኔሉን ብሬከር፣ ከዚያ ወደ ኢንቨርተሩ የሚገባውን የቆጣሪ መስመር፣ ባትሪውን መጨረሻ። ፓኔል እየገባ ባትሪ ከተነቀለ የብዙ ኢንቨርተሮች ውስጣቸው ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ለዚህ የሚያስፈልገው ማልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) እና ካውያ ብቻ ነው። ባትሪው «ሞላሁ» ካለ በኋላ ፓኔሉንና የቆጣሪውን መስመር አጥፍተው ቢያንስ ለአራት ሰዓት ያለ ጭነት ያሳርፉት። ከዚያ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ይለኩ። የኢንቨርተሩን ስክሪን አይመኑ፤ እሱ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ሙሉ የሆነ ጤነኛ ጄል ባትሪ አርፎ 12.8 ቮልት አካባቢ ይቆማል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 11.8 ባዶ ነው። ቀጥሎ 1000 ዋት ገደማ የሚስብ ካውያ በኢንቨርተሩ ላይ ይሰኩና መጨረሻው ሙቀት ላይ ያድርጉት። ከባትሪው 45 አምፒር አካባቢ ይስባል፤ ፍሪጅ ሲነሳ ለአፍታ ከሚጠይቀው ጋር ተቀራራቢ ነው። የካውያው መብራት በርቶ ሳለ ብቻ ያንብቡ፤ ሲጠፋ ጭነቱ የለም። ጤነኛው ከአምስት ደቂቃ በኋላም ከ12.2 አይወርድም። የታመመው 11 ገብቶ ቁልቁል ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም።

በማግስቱም ኢንቨርተሩ «ሞላሁ» ሊል ሲቃረብ ሁለቱን እንደገና ይለኩ። ሁለቱም 14.1 አካባቢ መሆን ነበረባቸው። አሮጌው 15 ላይ፣ አዲሱ 13.2 ላይ ያገኟቸዋል ብዬ እጠብቃለሁ።

ይህን ልዩነት ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ በየቤቱ አዲስ ባትሪ የሚገድለው ይኸው ነውና። ሁለት ባትሪ በሲሪየስ፣ ማለትም የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር ተገናኝቶ፣ ሲያያዝ በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው አምፒር አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «ጠገብኩ» ቢል ለብቻው ማቆም አይችልም፤ ጓደኛው ሲጎርስ እሱም ይጎርሳል። አዲሱ 200 አምፒር ሰዓት ይይዛል እንበል፤ አሮጌው ደክሞ 70 ብቻ ይይዛል። ጠዋት ፓኔሉ 30 አምፒር ይልካል። አሮጌው ጠቦ ስለነበር ቀድሞ ይሞላል፤ የሞላ ባትሪ ላይ አምፒር ሲገፋ ደግሞ ቮልቱ ወደ ላይ ይወረወራል፤ 14፣ 14.5፣ 15። ኢንቨርተሩ ይህን ለይቶ አያይም። እሱ የሚጠብቀው ድምሩ 28.2 እስኪደርስ ነው። አሮጌው 15፣ አዲሱ 13.2፤ ድምር 28.2። «ሞላ» ብሎ አምፒሩን ይቀንሳል። አዲሱ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር። በየቀኑ እንዲህ እየተራበ ያድራል፤ ያልጠገበ የሊድ (የእርሳስ) ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና በወራት ውስጥ እሱም አሮጌ ይሆናል። አሮጌው በተቃራኒው በየቀኑ ከልኩ በላይ ይጎርሳል፤ ጄሉ ይደርቃል፤ ውሃ የማይጨመርበት ባትሪ ስለሆነ የደረቀው አይመለስም።

ማታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሲወጣም አምፒሩ እኩል ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ጠባቡ ነው። አዲሱ 12.4 ላይ ቆሞ አሮጌው 10 ይደርሳል፤ ድምሩ 22.4 ስለሆነ ኢንቨርተሩ ዝም ይላል፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ የሚዘጉት 21 ቮልት ላይ ነውና። አሮጌው ባዶ ሆኖ ሳለ በጓደኛው ግፊት ይጨመቃል። በዚህ ላይ ፍሪጁ ሲነሳ አሮጌው ወደ 9፣ አዲሱ ወደ 12.1 ይወርዳሉ፤ 21.1 ሆነ። የሚሞቀው የኬብል ጫፍ አንድ ቮልት ከበላ ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው 20.1 ነው። ጮኸ፣ ጠፋ። ጭነቱ ሲለቅ አዲሱ 12.7፣ አሮጌው 12.3 ይመለሳሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት 25 ቮልት ይሄ ነው። ባትሪው አለ ማለት አይደለም፤ ትንፋሹን ሰበሰበ ማለት ነው።

እንግዲህ አንዱን ብቻ ቀይሮ የሄደው ባለሙያ የሠራው ጥፋት ይህ ነው። ጥንድ ባትሪ እንደ በሬ ጥንድ ነው፤ የደከመውን ከጠንካራው ጋር ጠምዶ ማሳ አይታረስም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የመጀመሪያው ለምን ተነፋ ብሎ አለመጠየቁ ነው። ጄል ባትሪ እንዲሁ አይነፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከልኩ በላይ ተሞልቶ ነው። የኢንቨርተሩን ሴቲንግ ይክፈቱና የባትሪውን ዓይነት ይመልከቱ። ውሃ ለሚሞላው ባትሪ በተዘጋጀው ላይ ከሆነ በብዙዎቹ ኢንቨርተሮች 29.2 ቮልት ይልካል፤ ለጄል ይበዛል። የሚፈለገው መሙያ ቮልት 28.2፣ ከሞላ በኋላ ማቆያው 27.0 አካባቢ ነው፤ ባትሪው ጎን ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል። ኢኳላይዜሽን የሚለው ካለም ይጥፋ። ይህ ሳይስተካከል አዲስ ባትሪ ቢገባ ያው ተነፍቶ ይወጣል።

ወደሚሞቀው ጫፍ እንምጣ። ካውያው እየሠራ ማልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ሽቦ ከባትሪው የእርሳስ ምሰሶ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ከኬብሉ የመዳብ ጫፍ ላይ ይንኩ። ጥሩ መጋጠሚያ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ያሳያል። 0.2 ቮልትና ከዚያ በላይ ካዩ ጥፋቱ እዚያው ነው። ልኬት ላይ ሳሉም ማስጠንቀቂያው ያው ነው፦ የሜትሩ ጫፍ ከአንዱ ምሰሶ ተንሸራቶ ሌላውን እንዳይነካ፤ እጅዎ ላይ ብረት አይኑር።

ሲፈቱት ከሦስቱ አንዱን ያገኛሉ። ጫፉ በመጨመቂያ ሳይሆን በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይሆናል፤ ሽቦው ሲሳብ ይንቀሳቀሳል፣ ዙሪያውም አረንጓዴ ዱቄት አለበት። ወይም የብረት ሮንዴላ በምሰሶውና በመዳቡ ጫፍ መካከል ገብቷል፤ ይህ እጅግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ብረት ከመዳብ በጣም ያነሰ አስተላላፊ ስለሆነ አምፒሩ ሁሉ በእሱ ሲያልፍ ይግላል። መዳቡ በቀጥታ ከምሰሶው ጋር ይጋጠም፤ ሮንዴላው ከመዳቡ በላይ፣ ከብሎኑ ራስ በታች ነው ቦታው። ሦስተኛው፣ ኬብሉ ራሱ የውሸት መዳብ ነው። ገበያው በዚህ ተጥለቅልቋል፦ አሉሚኒየም በመዳብ ቀለም ተቀብቶ «50 ካሬ» (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) ተብሎ ይሸጣል። አንዷን ክር በምላጭ ይፋቁ፤ ውስጧ ነጭ ብር መሳይ ከሆነ ይመልሱት። ሲያነሱትም ክብደቱ ይቀላል። የውሸቱ ኬብል በእኩል ውፍረት ከመዳቡ በግማሽ ያህል የበለጠ ያግዳል፤ ጫፉም እየላላ ይሄዳል።

3 ኪሎዋት በ24 ቮልት ሙሉ ሲሠራ ከባትሪው 140 አምፒር ገደማ ይስባል። ለዚህ 50 ካሬ ንጹሕ የመዳብ ኬብል ይግዙ፤ በአንድ ወገን ከሁለት ሜትር አይብለጥ፤ ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘው አጭር ኬብልም ያው ውፍረት ይሁን። ጫፎቹን በሃይድሮሊክ መጨመቂያ ያስጨምቁ፤ በብየዳ ብቻ የተሞላ ጫፍ ሲግል ይለሰልሳልና አይቀበሉ። ምሰሶውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ያጽዱ። ብሎኑን ጠበቅ ያድርጉ እንጂ አይገንጥሉት፤ እርሳስ ነው፣ ይነቀላል።

ፊውዝ እንዳለዎት አልጻፉልኝም፤ ስለዚህ የለም ብዬ እገምታለሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ በአንድ ስንዝር ርቀት ባለ 200 አምፒር የዲሲ ፊውዝ ከነቤቱ ይግባ። በቦታው የቤት ብሬከር ገብቶ ካገኙ ይጣል፤ የቆጣሪው መስመር በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው ይሞታል፣ የባትሪ ግን ዜሮ ስለማይነካ ብልጭታው ይቀጥልና ብሬከሩን ያቃጥለዋል።

ምን ይግዙ? አሮጌው ይወገድ። የሰባት ወሩን ግን ገና ተስፋ አይቁረጡበት። ለብቻው በ12 ቮልት ቻርጀር፣ ከ20 አምፒር ባልበለጠ፣ 14.1 ላይ አንድ ቀን ሙሉ ይሙላ፤ አሳድረው፣ ኢንቨርተሩ ባለ 24 ቮልት ስለሆነ ለፈተናው ብቻ ከአሮጌው ጋር መልሰው አያይዘው፣ ያንኑ 45 አምፒር ጭነት ይሞክሩበትና የእሱን ቮልት ለብቻው ይለኩ፤ ከ12.2 ካልወረደ ድኗል። ያኔ ተመሳሳይ ስምና መጠን ያለው አንድ ጓደኛ ይግዙለት። ከማጋጠምዎ በፊት ሁለቱን ለየብቻ ከሞሉ በኋላ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አያይዘው ሌሊቱን ያሳድሯቸው፤ ሲነጋ ለያይተው በሲሪየስ ያያይዙ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ቁልፉ በናስትሮ መጠቅለሉን፣ ቀለበቱ መውለቁን እንደገና ያረጋግጡ፣ ምልክቱንም ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ፈተናውን ካላለፈ ሁለቱንም ይቀይሩ፤ አንድ ብቻ ገዝተው ከዚህኛው ጋር አያጣምዱ።

ሁለቱንም መቀየር ግድ ከሆነ የሊትየም ዋጋ ይጠይቁ። 25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ አንድ ሊትየም ፎስፌት 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ሁለቱ ጄሎች በወረቀት 4.8 ናቸው፤ ዕድሜያቸው እንዲረዝም ግን ከግማሽ በላይ መውሰድ ስለማይገባ በተግባር እኩል ናቸው። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ስንት አምፒር እንደሚችል ይጠይቁ፤ 100 ከሆነ ኢንቨርተርዎን ሙሉ በሙሉ አይሸከምም። ሊትየምና ጄል አብረው አይታሰሩም።

ማታ የመዝጊያውን ቮልት ከ21 ወደ 22.5 ከፍ ያድርጉት። በሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ስትሳሳ ባትሪ በግማሽ ሆድ ሳምንታት ይቆያል፤ ስለዚህ በክረምት መብራት ባለ ጊዜ ከቆጣሪው መስመርም እንዲሞላ ኢንቨርተሩን ይፍቀዱለት፤ 20 አምፒር ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ በዚህ ኢንቨርተር ላይ በፍጹም አይሰካ፤ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን የካውያ ልኬት፣ የሁለቱንም፣ ከነቀኑ በየባትሪው ጎን በማርከር ይጻፉት። በወር አንድ ጊዜ ይድገሙት። ልዩነታቸው 0.3 ሲደርስ የቀነሰውን አውጥተው ለብቻው ይሙሉ።