የሶፍቱንም ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ

ከጎንደር የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ ካረፉ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ በየሐሙሱ ቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ስትከታተዪ ቆይተሻል። ለባለቤትሽም ለእህትሽም ያልነገርሽውን ለባለሙያዋ ነግረሻታል። አንድ ቀን ስለ እናትሽ የመጨረሻ ሌሊት ስታወሪ፣ የእሷም ዓይን እንባ ሲያቀርር አይተሻል። የጥምቀት ዕለት ደግሞ ባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ ከልጆቿ ጋር አገኘሻት። አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ አለፈችሽ። በቀጣዩ ሐሙስ ብር ስትቆጥሪ እጅሽ ተንቀጠቀጠ። ወጥተሽ ጃንተከል ዋርካ ሥር ቆመሽ አለቀስሽ። «ለካ እንባዋም በሰዓት የሚሸጥ ነው። ዓይኔን ያበስኩበትን ሶፍት እንኳ የከፈልኩት እኔ ነኝ» ብለሻል።

እህቴ፣ ስሜትሽን አላቃልለውም። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው እንጀራ ይዞ ይመጣል እንጂ ሒሳብ አይጠይቅም። የነፍስ አባትም ለመስማት ዋጋ አይቆርጡም። እዚህ ያደገ ሰው ሆዱን ዘርግፎ ሲያበቃ ብር መቁጠር ቢከብደው ምን ይገርማል? ደግሞም ግንኙነታችሁ እኩል አይደለም። እሷ ጓዳሽን ሁሉ ታውቃለች፤ አንቺ የልጆቿን ስም እንኳ አታውቂም። ይሄ ያማል።

ግን እስቲ ሙሾ አውራጇን አስቢያት። ተጠርታ ትመጣለች፤ አንዳንዷ እጇ ላይ ይጨመርላታል። ሟቹን በሕይወት አይታው ላታውቅ ትችላለች። ግጥሙን ስታወርደው ግን እስከዚያ ድንጋይ ሆኖ የቆመው ልጅ ይፈነዳል። እሷም የራሷ ሰው ትዝ ብሏት ታነባለች። የተከፈላት ለሙያዋና ለዋለችበት ቀን ነው። ያንቺም ብር የገዛው የሐሙስን አንድ ሰዓት ነው። ዓይኗ እንባ ባያቀርርም ኖሮ የምትከፍዪው ያው ነበር። እንባዋን ማንም አላስከፈለሽም።

የጥምቀቱን ነገር ልንገርሽ። ቆማ ብታቅፍሽ ኖሮ አጠገብሽ ያለ ዘመድ «ማናት?» ይልሽ ነበር። ምን ልትመልሺ? ባለሙያ ታካሚዋን በአደባባይ ቀድማ የማታናግረው ምስጢሩ የታካሚዋ ስለሆነ ነው። ይህን ግን ገና ከመጀመሪያው ልታስረዳሽ ይገባ ነበር። ሳትነግርሽ ቀርታ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ነው።

ይህን አጥር ለማፍረስ የሞከረ ሐኪም ነበር። የፍሮይድ ወዳጅ የነበረው የቡዳፔስቱ ሻንዶር ፈረንቺ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከአንዲት ታካሚው ጋር ተራ በተራ መደማመጥ ጀመረ። ዛሬ አንቺ፣ ነገ እኔ እንደማለት። ልቡ ቅን ነበር። ግን የሌሎች ታካሚዎቹን ምስጢር ሳያወጣ የራሱን ልብ መዘርገፍ አቃተው፤ በመጨረሻም ተወው። ባለሙያሽም የራሷን ሸክም ይዛብሽ ብትመጣ፣ ሐሙስ ያንቺ መሆኑ ይቀር ነበር።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። «እናቴም ሳትሰናበተኝ ነው የሄደችው» ትያለሽ። «እናቴም» ነው ያልሽው። ከቀድሞ ሰው ጋር የቀረ ስሜት ባለሙያው ላይ ሲያርፍ ትራንስፈረንስ እንለዋለን። ንዴትሽ ሁሉ የእናትሽ ነው እያልኩሽ አይደለም። የተወሰነው ግን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ስምንት ወር ስታለቅሺ ያልወጣው ቁጣ አሁን በር አግኝቷል።

ስለዚህ አታቋርጪ። ሐሙስ ሂጂና እንደተቀመጥሽ ጀምሪ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አይሁን። «የጥምቀት ዕለት ስታልፊኝ ውስጤ ተሰበረ፤ ብር ስሰጥሽ የተታለልኩ ይመስለኛል» በያት፣ ሳታለሳልሺ። ከተቆጣች ወይም «ሥራዬ ነው» ብላ ከዘጋችው ሌላ ሰው ፈልጊ። «ንገሪኝ» ካለችሽ ግን ስለ ሶፍቱም ንገሪያት።

ክፍያውን ደግሞ ስትገቢ ጨርሺው። በእንባ በራሰ እጅ ብር መቁጠሩ ይቅርብሽ።