ከወለደች ወዲህ ድጋፍ መኖ የተወች ላም

ጥያቄ፦ ላሜ ከወለደች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ወተቷ በየቀኑ ይቀንሳል፣ ከስታለች። ድርቆሽ ትቀማምሳለች፤ ጥሩ መኖ ስናቀርብላት ግን አሽትታ ትተወዋለች። ትኩሳት የላትም። የትል መድኃኒት ብንሰጣትም አልተሻላትም። ምን ይሆን?

መልስ፦ የትል ነገር አይመስለኝም። «ጥሩ መኖ» ያሉት ፉሩሽካና ፋጉሎ ያለበት ድጋፍ መኖ ነው ብዬ ልውሰድ። በቅርቡ የወለደች የወተት ላም ድርቆሽ እየቀመሰች ድጋፍ መኖውን ከተወች፣ ትኩሳት ሳይኖራትም ወተቷ ከወረደ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከአራቱ የጨጓራ ክፍሎቿ አራተኛው ከቦታው መንሸራተቱን ነው።

ይህ ጨጓራ የሚያርፈው በሆድ ወለል ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። ጥጃው ሲወጣ ሆድ ውስጥ ሰፊ ክፍተት ይቀራል፤ በወሊድ ሰሞን ላሟ ብዙ ስለማትበላ መኖው መጀመሪያ የሚገባበት ትልቁ ጨጓራም ክፍተቱን አይሞላውም። በዚያ ላይ በደሟ ያለው ካልሲየም ሲያንስ ወይም የተፈጨ መኖ በድንገት ሲበዛባት አራተኛው ጨጓራ እንቅስቃሴው ይዳከምና ጋዝ ይሞላል። ጋዝ ስለሞላ ይንሳፈፋል፤ በትልቁ ጨጓራ ሥር ሾልኮ ከግራ የጎን አጥንቶች ሥር ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በወለዱ በመጀመሪያው ወር፣ ብዙ ወተት በሚታለቡ ላሞች ላይ ነው።

ከኋላዋ ቆመው ሁለቱን ጎኖች ያስተያዩ። የግራዎቹ የመጨረሻ የጎን አጥንቶች ከቀኞቹ ይበልጥ ወደ ውጭ ወጥተው ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የተለመደው የሆድ መነፋት ከጎን አጥንቱ በስተኋላ ያለውን ስርጉድ ነው የሚያሳብጠው፤ የሚመጣውም በሰዓታት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጎን አጥንቶቹ ላይ አድርጎ በጣቱ ሲቆረቁር ባዶ በርሜል እንደተመታ ያለ ድምፅ ይሰማል። ያለ ማዳመጫ ግን ላይሰማ ስለሚችል «አልሰማሁም» ብለው አይዘናጉ።

ሐኪሙን ዛሬውኑ ይጥሩ። እስኪመጣ ድጋፍ መኖውን አንስተው ጥሩ ድርቆሽና ውሃ ብቻ ያቅርቡላት። ጎኗን በቢላዋም ሆነ በሌላ ስለት አይውጉ፤ የጨጓራው ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ ከፈሰሰ ይገድላታል። ላሟን በጀርባ አንከባሎ መመለስ ይቻላል፤ ግን ጨጓራው ደጋግሞ ይንሸራተታል፣ አስተማማኙ በቀዶ ጥገና መስፋት ነው። ያለ ሐኪምም አይሞክሩት፤ መንሸራተቱ በቀኝ ከሆነ ጨጓራው ሊጠመዘዝ ይችላል። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘና መቆም ካቃታት በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

አሁን በእጅዎ ወዳለው ልምጣ። ደጋግሜ የማየውና የሚያሳዝነኝ ልማድ አለ፦ ላሟ በወለደች ማግስት «ወተት እንድትሰጥ» ተብሎ ድጋፍ መኖ በባልዲ ይቀርብላታል። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ጨጓራዋ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም። ወተት የሚጨምረው ድጋፍ መኖውን ቀስ በቀስ እንድትለምደው ሲደረግ ነው።

ለሚቀጥለው ወሊድና ለሌሎቹ ላሞችዎ እንዲህ ያድርጉ። መውለጃዋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በቀን አንድ ኪሎ ድጋፍ መኖ ይጀምሩላት፤ እስክትወልድ ቀስ ብለው ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ያድርሱት። ልክ እንደወለደች ከ20 እስከ 40 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ያቅርቡላት። አብዛኞቹ ላሞች በዚያ ሰዓት ስለሚጠማቸው ራሳቸው ይጠጡታል፤ ውሃው ትልቁን ጨጓራ ሞልቶ ክፍተቱን ይይዝላታል። እምቢ ካለች አፏን ከፍተው አያፍስሱባት፣ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ከወለደች በኋላ ድጋፍ መኖው በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ አይጨመር፤ የቀኑንም ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ ይከፋፍሉት። ሁልጊዜ ድርቆሹ ይቅደም፣ ድጋፍ መኖው ይከተል። ድርቆሽ ከተተወ መጨመሩን ያቁሙ፣ መልሳ እስክትበላ ድረስ ባለበት ያቆዩት።

ድርቆሹንም አያድቅቁት። በጣም ከደቀቀ በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ምንጣፍ ሆኖ አይቆይም፣ ላሟንም በደንብ አያመሰኳትም። ከምትበላው ደረቅ መኖ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ ድርቆሽ ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የእንግዴ ልጇ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ወይም ጡቷ ካበጠ ቶሎ ያሳክሟት። ሁለቱም ከመብላት ያግዷታል፣ ያልበላች ላምም ትልቁ ጨጓራዋ ባዶ ይሆንና አራተኛው ወደ ግራ የሚንሸራተትበት ቦታ ይከፈትለታል።