ጥያቄና መልስ፦ ቬትናም፣ ከራሽን ሰልፍ እስከ ባንክ ሰልፍ

ስለ ቬትናም ኢኮኖሚ ያነሳችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የአውሮፓውያን ነው።

ጥያቄ፦ በኮሚኒስት ፓርቲ እየተመራች እንዴት ገበያዋን ከፈተች?

መልስ፦ ጨንቋት ነው። ከጦርነቱ በኋላ እርሻው በኅብረት፣ ሩዙም በኩፖን ሆነ። ሰው በሌሊት ተነስቶ ይሰለፋል። መቆም የደከመው ጡብ አስቀምጦ ተራውን ይይዛል። በ1985 መንግሥት 10 አሮጌ ዶንግ (የአገሪቱ ገንዘብ) በ1 አዲስ ለወጠ፤ ደመወዝም ጨመረ። ዕቃ ግን አልነበረም። የበጀት ጉድለቱን ገንዘብ በማተም ሸፈኑት። በ1986 የዋጋ ንረቱ ከ700 በመቶ አለፈ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ 6ኛው የፓርቲ ጉባኤ «ዶይ ሞይ» የተባለውን የእድሳት ፖሊሲ አወጀ።

ጥያቄ፦ ለውጡ መጀመሪያ የታየው የት ነው?

መልስ፦ ገበሬው ጓዳ። በ1988 መሬቱ ለቤተሰብ በኮንትራት ተሰጠ። የተረፈውን ምርት ገበሬው ራሱ መሸጥ ቻለ። ሩዝ ከውጭ ስታስገባ የነበረች አገር በ1989 ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ላከች። እኔ የዶይ ሞይ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ንረቱንስ በምን አበረዱት?

መልስ፦ በ1989 የቁጠባ ወለድን እስከ 12 በመቶ አደረሱት። በወር ነው የምላችሁ፣ በዓመት አይደለም! ሰው ገንዘቡን ወደ ባንክ መለሰ። ግን ቁጥጥሩ ሳይደራጅ የብድር ማኅበራት እንደ አሸን ፈሉ። የአዲሱን ቆጣቢ ገንዘብ ለቀድሞው ወለድ አድርገው የሚከፍሉም ነበሩ። በ1990 ተንኮታኮቱ፤ የስንቱ ቁጠባ በዚያው ቀረ።

ጥያቄ፦ የቬትናም ቡና ገበሬዎቻችንን ጎዳ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። በ1989 ቡና ላኪ አገሮችን በኮታ የሚያስተዳድረው ስምምነት ፈረሰ። ቬትናም በደጋማው አካባቢዋ ሮቡስታ የተባለውን የቡና ዓይነት በገፍ ተከለች፤ ብዙም ሳትቆይ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። የብራዚልም ምርት ጨምሮ ነበር። በ2001 ዋጋው ወደቀ። ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ብዙ ነው። የቬትናምን ገበሬ ግን አልወቅስም። እሱም በዚያው ዋጋ ከስሯል።

ጥያቄ፦ ሞት የተፈረደባት ባለሀብት ጉዳይስ?

መልስ፦ ትሩኦንግ ሚ ላን ናት። ሕጉ አንድ ግለሰብ ከባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። እሷ በሌሎች ስም ከ90 በመቶ በላይ የሳይጎን ኮሜርሻል ባንክን ይዛ ለራሷ ድርጅቶች አበደረች። በኦክቶበር 2022 ስትታሰር ሕዝቡ ቅርንጫፎቹን አጥለቀለቀ። ማዕከላዊ ባንኩ ገብቶ ባንኩን ተቆጣጠረ። በ2024 ወደ 12.5 ቢሊዮን ዶላር መዝብራለች ተብሎ ሞት ተፈረደባት። በ2025 ሕጉ ተሻሽሎ ለምዝበራ የሞት ቅጣት ተሰረዘ። እኔን ያንገበገበኝ የቦንድ ገዢዎቹ ነገር ነው። ከድርጅቶቿ ቦንድ የገዙ ከ35,000 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል። ብዙዎቹ ባንክ የሄዱት ሊቆጥቡ ነበር፤ ሠራተኞቹ ናቸው ወደ ቦንዱ የመሯቸው።

ጥያቄ፦ ቬትናማውያን ወርቅ ለምን ይወዳሉ?

መልስ፦ የ1985ቱን የገንዘብ ለውጥና የ1990ውን የብድር ማኅበራት ውድቀት ያየ ቤተሰብ የወረቀት ገንዘብ አያምንም። ቤት እንኳ ለረጅም ዓመታት በወርቅ ዋጋ ይሸጥ ነበር። መለኪያው «ታኤል» ይባላል፤ 37.5 ግራም ነው።