ሄይቲ ራሷን ማስተዳደር አቅቷት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዜና እያየን ስለ ሄይቲ ተነሳና አጎቴ «እነሱ ራሳቸውን ማስተዳደር ስለማይችሉ ነው የውጭ ጦር ሁሌ የሚገባባቸው» አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ግን የምመልሰው አጣሁ። እውነት ነው? ከእኛስ ጋር የሚያገናኛት ነገር አለ? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህትዓለም፣ ያልተዋጠልሽ በምክንያት ነው። ከስሩ እንጀምር (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በፈረንሳይ ሥር በባርነት የነበሩት የሄይቲ ሰዎች በ1791 ተነሱ፣ የናፖሊዮንን ጦር አሸነፉ፣ በ1804 ነጻነታቸውን አወጁ። ዛሬም በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ያን ቀን የሚያከብሩት በየቤቱ የዱባ ሾርባ ሠርተው፣ ለጎረቤት እያዳረሱ ነው። ፈረንሳይ ግን አልለቀቀቻቸውም። በ1825 የጦር መርከብ አሰልፋ ባሪያና መሬት ለቀረባቸው ጌቶች ካሳ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለቻቸው። በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢወርድም፣ ለዚያ ብለው የተበደሩት ዕዳ እስከ 1947 ተከተላቸው። ነጻ ስለወጡ ካሳ መክፈል! ይሄ ነገር እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ አሜሪካ መጣች። በ1914 መጨረሻ ወታደሮቿ ከሄይቲ ብሔራዊ ባንክ የ500 ሺህ ዶላር ወርቅ አውጥተው ወደ ኒውዮርክ ጫኑ። በዓመቱ፣ በሐምሌ፣ ፕሬዚዳንቱ በተቆጣ ሕዝብ ሲገደል ጦሩ ሙሉ በሙሉ ገባና 19 ዓመት ተቀመጠ። ገበሬውን እያፈሱ መንገድ አሠሩት። ሄይቲዎች ልክ እንደ እኛ ደቦ ተጠራርተው፣ ከበሮ እየተመታ፣ እየዘፈኑ የሚያርሱበት ኮንቢት የሚባል ልማድ አላቸው፤ በጠመንጃ እየተነዱ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስለዚህ ብዙው ሸፈተ። የሸፈቱትን ይመራ የነበረው ሻርለማኝ ፔራልት በ1919 ተገደለ። ሬሳውን በር ላይ አስረው ፎቶ አነሱትና ሕዝቡ እንዲፈራ ፎቶውን በተኑት። ሕዝቡ ግን ፎቶውን ሲያይ የታየው የተሰቀለው ክርስቶስ ነው፤ ያሰቡት ሁሉ ተገላበጠባቸው።

አሁን ወደ እኛ። ጦሩ በ1934 ወጣ። በዓመቱ የጣሊያንና የኢትዮጵያ ጉዳይ ሲነሳ፣ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የሄይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ነሙር ቆመው፣ ትልቅም ሆንን ትንሽ አንድ ቀን እኛም የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ ብለው ተናገሩ። ወረራ ምን እንደሆነ ከማንም ጠይቀው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ፣ በእኛ አቆጣጠር ህዳር 26 ቀን 1928፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ያንቺኑ ከተማ ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታሉ እንኳ አልተረፈም።

አጎትሽ ጨርሰው ተሳስተዋል አልልም። ከ1957 እስከ 1986 አገሪቱን የገዙት ዱቫሊየር አባትና ልጅ የገዛ ሕዝባቸውን ፈጅተዋል፣ ገንዘቡንም በልተዋል፤ ይህን የውጭ ጦር ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም። ግን የውጭ ጦር ሲገባ አገሪቱ ዳነች ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። በ2010 ኮሌራ ወደ ሄይቲ የገባው ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ ነው። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ድርጅቱ ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ።