ከቄራ የመጣ ደምና አጥንት ለላም ይሰጣል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከቄራ ያመጣኸውን ደምና አጥንት ፀሐይ ላይ አድርቀህ አስፈጭተሃል። ዶሮዎችህ ስለተስማማቸው ለሁለቱ ላሞችህም ልቀላቅል ወይ ብለሃል። እኔ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን መኖ እያቀናበርኩ ስለምሸጥ ይሄ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። ለላሞችህ በፍጹም አትስጥ። ለበግና ለፍየልም እንደዚያው።

ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው መኖ) እንደተወደደ አውቃለሁ። የደም ዱቄት ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስለሆነ ያጓጓል። ግን እንግሊዝ አገር የሆነውን ስማኝ። ላሞቻቸውን የሥጋና የአጥንት ዱቄት ሲመግቡ ኖረው በ1986 እ.ኤ.አ. የእብድ ላም በሽታ የሚባለው፣ አንጎልን የሚያበላሽ ገዳይ በሽታ ተገኘባቸው። በ1988 ዱቄቱ ለአመንዣኪ እንስሳት እንዳይሰጥ ታገደ። ከእገዳው በኋላ የተወለዱ ከ40 ሺህ በላይ ከብቶች ግን ታመሙ! ዱቄቱ ለአሳማና ለዶሮ ተፈቅዶ ስለነበር በዚያው ፋብሪካ፣ በዚያው ማሽን ይዘጋጅ ነበር። ትራፊው ወደ ላም መኖ ገባ። በ1996 በሽታው ከሰው ሕመም ጋር መያያዙ ሲታወቅ ለማንኛውም የእርባታ እንስሳ ከለከሉት።

የአንተም ነገር የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ወፍጮው አንድ፣ አካፋው አንድ፣ ጆንያው አንድ ከሆነ «ለዶሮ ብቻ ነው» ማለት አያዋጣም። ላምና ዶሮ በአንድ ግቢ እያረባህ ዱቄቱን ጨርሶ ባታስገባው እመርጣለሁ።

ፀሐዩንም አትመነው። የድሬ ሙቀት ያደርቃል እንጂ አይገድልም። ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሊተርፍ ይችላል። አባ ሰንጋ ካለበት ደግሞ ለዓመታት አይሞትም። የእብድ ላም መንስኤማ ከሁሉም ይብሳል። የአውሮፓ ሕግ በግፊት የሚበስል ተረፈ ምርት በ133 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ3 ባር፣ ለ20 ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። እንዲያም ሆኖ የሥጋና የአጥንት ዱቄቱን ለላም አይፈቅድም።

ለላሞችህ የባቢሌ ለውዝ ፋጉሎ ካገኘህ ከፉርሽካ ጋር ደባልቀው። ሻጋታ ካየህበት ግን ተወው፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በወተት አልፎ ልጆች ጋ ይደርሳል። ዶሮዎቹ ለእንቁላል ቅርፊት የሚፈልጉትን ካልሲየም ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ያገኛሉ።

የተዘጋጀ መኖ ስትገዛ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 728/2004 መኖ አምርቶ ለሚሸጥ ሰው የብቃት ማረጋገጫ የግድ ነው። ሻጩ ልንገርህ ካላለ ሌላ ጋ ሂድ።

አጥንቱን ያስፈጨኸው እህል ወፍጮ ቤት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለባለቤቱ ንገረውና በደንብ ያጽዳው። እዚያ የሰው ዱቄትም ይፈጫል።